ያልተረጎምኩት ጥያቄ፦ ከማህጸን በር ካንሰር ሕክምና በኋላ ስለ ግንኙነት መጠየቅ ለምን አስፈለገ?

ዛሬ የምጽፈው ለአፍ የሚከብድ ነገር ነው። ለእኔም ከብዶኝ ሰው ስለጎዳሁ ነው የምጽፈው።

እዚህ ካኩማ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። እንግሊዝኛና ትንሽ ስዋሂሊ ስለምችል ሰው ሲታመም «እባክሽ አብረሽኝ ሂጂና አስተርጉሚልኝ» ይሉኛል። የማህጸን በር ካንሰር የታከሙ አንዲት የሰፈራችን እናት ለክትትል ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ነርሷ ሦስት ነገር ጠየቀች። ደም ይፈስዎታል? ሽንት ያቃጥልዎታል? ሦስተኛው ደግሞ «ከባለቤትዎ ጋር ግንኙነት ጀምራችኋል? ያምዎታል?» የሚል ነበር።

ሁለቱን በደንብ ተረጎምኩ። ሦስተኛው ላይ ፊቴ ጋለ። እሳቸው እናቴ ይሆናሉ፣ እኔ ያላገባሁ ልጅ ነኝ። «ከባለቤትዎ ጋር ሰላም ናችሁ?» ብዬ አለፍኩት። «ተመስገን፣ ሰላም ነን» አሉ። እኔም ለነርሷ «ችግር የለም» አልኩ። እሷም ጻፈች።

ከወራት በኋላ ቡና እየጠጣን ራሳቸው አወጡት። ጨረሩ ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ ሞክረው በጣም አመማቸው፣ ደምም አዩ። ከዚያ ወዲህ ባለቤታቸው ፍራሽ ለዩ። እሳቸው «በሽታው እንዳይጋባበት ፈርቶ ነው» ብለው አሰቡ። ባለቤታቸው ግን የራቁት «ጎዳኋት» ብለው ነው። ሁለቱም አልተነጋገሩም። በሚቀጥለው ክትትል ሐኪሟ ልትመረምራቸው ስትል ብልታቸው ጠብቦ መሣሪያው አልገባም። ካርዱን አገላብጣ «ባለፈው ችግር የለም ተብሎ ተጽፏል እኮ» አለች። ያንን ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ነርሶችን እየጠየቅኩ፣ ያገኘሁትን እያነበብኩ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የሚያክማችሁን ሰው እንድትጠይቁ እንዲረዳችሁ ነው።

ሕክምናው ሰውነት ላይ ምን ያመጣል?

የሴቶች የመራቢያ አካል ካንሰር ብዙ ዓይነት ነው፤ የማህጸን በር፣ የማህጸን፣ የእንቁላል እጢ፣ የብልት የውስጥና የውጭ ክፍል ካንሰር አለ። በእኛ አካባቢ በብዛት የምንሰማው የማህጸን በር ካንሰርን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ወደ 660,000 ሴቶች በዚህ በሽታ ተይዘዋል፣ 350,000 ያህል ሞተዋል። በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ታክመው በሕይወት ያሉም በመካከላችን አሉ፤ ይህ ጽሑፍ ስለ እነሱ ነው።

ማህጸን በኦፕራሲዮን ሲወጣ የወር አበባና መውለድ ይቀራል። አንዳንዴ የብልት የላይኛው ክፍል አብሮ ስለሚወጣ ብልት ያጥራል። ሁለቱም የእንቁላል እጢዎች ከወጡ፣ ወይም ጨረር ካገኛቸው፣ ገና ዕድሜዋ ያልደረሰ ሴት በድንገት ልታርጥ ትችላለች። ሙቀት ይወርራታል፣ እንቅልፍ ታጣለች፣ ብልቷ ይደርቃል፣ ፍላጎቷ ይቀንሳል።

ጨረር ደግሞ ሥጋውን ያሳሳል፣ ያደርቃል፣ ቀስ እያለ ጠባሳ ይሠራል። የብልት ግድግዳ እርስ በርሱ ሊጣበቅና ሊጠብ ይችላል። ይህ በወራት፣ አንዳንዴም በዓመታት ውስጥ የሚመጣ ነው። አንድ ጊዜ ጠይቆ መተው የማይበቃውም ለዚህ ነው። ኬሞ ድካምና ማቅለሽለሽ ያመጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ «ሴትነቴ አለቀ» የሚል ሐዘን አለ።

ምን ይጠይቃሉ?

ጥሩ ክትትል የሚጀምረው ሕክምናው ሳይጀመር ነው። በፊት እንዴት እንደነበር ካልታወቀ ምን እንደተለወጠ አይታወቅም። ከዚያ በየቀጠሮው ይጠየቃል።

በብዙ አገር የሚሠራበት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ አንድ መጠይቅ አለ። 19 ጥያቄዎች አሉት፣ ያለፉትን 4 ሳምንታት ይመለከታል። ስድስት ነገር ይለካል፦ ፍላጎት፣ የሰውነት መነቃቃት፣ ርጥበት፣ እርካታ ላይ መድረስ፣ በአጠቃላይ በግንኙነቱ መደሰት፣ እና ሕመም። ከፍተኛው ነጥብ 36 ነው፤ ነጥቡ ዝቅ ሲል ችግር ሊኖር እንደሚችል ያሳያል። ለማህጸን በር ካንሰር ብቻ የተዘጋጀ 24 ጥያቄ ያለው ሌላ መጠይቅም አለ፤ እሱ ስለ ሽንት፣ ስለ አንጀትና ስለ እግር እብጠትም ይጠይቃል።

እኔ ተማሪዎቼን በፈተና ስለምለካ ቁጥር ምን እንደሚደብቅ አውቃለሁ። በ19ኙ መጠይቅ ላይ በእነዚያ 4 ሳምንታት ግንኙነት ያልነበራት ሴት በብዙዎቹ ጥያቄዎች ዜሮ ታገኛለች። ባሏ ሱዳን የቀረባትን ወይም በመንገድ የጠፋባትን ሴት አስቡ። ወረቀቱ ታማሚ ያደርጋታል፤ እሷ ግን የጎደላት ባሏ ነው። ሌላዋ ደግሞ ባሏ ጥሏት እንዳይሄድ ጥርሷን ነክሳ ትተኛለች። «ግንኙነት አለሽ?» ብቻ ከተባለች «አዎ» ትላለች፣ ደህና ትመስላለች። ስለዚህ ጥሩ ጠያቂ «ለምን?» እና «ይህ ነገር አንቺን ያስጨንቅሻል?» ብላ ትጨምራለች። ባል የሌላትም ሴት ልትጠየቅ ይገባል፤ ድርቀትና ሕመም ባል አይጠብቅም።

ጃክ አነን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1976 ለዚህ ዓይነት ምክር አራት ደረጃ አውጥቷል። የመጀመሪያው ስለ ጉዳዩ ማውራት እንደሚቻል ማሳየት፣ ሁለተኛው አጭር መረጃ መስጠት፣ ሦስተኛው ለሰውየው ችግር የሚሆን ምክር፣ አራተኛው ወደ ልዩ ባለሙያ መላክ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ትልቅ ሆስፒታል አያስፈልጋቸውም። የካምፕ ክሊኒክ ነርስም «ብዙ ሴቶች ከጨረር በኋላ ሕመም አለን ይላሉ፣ እርስዎስ?» ብላ መጀመር ትችላለች። «ብዙ ሴቶች» የምትለዋ ቃል ሐፍረቱን ታቀለዋለች።

ምን ይረዳል?

ለድርቀት በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ጄል አለ። ቫዝሊንና ዘይት ኮንዶምን ስለሚያበላሹ በምትኩ አትጠቀሙባቸው። ለሆርሞን መድኃኒት ግን ሐኪም ማማከር ግድ ነው፤ ለሁሉም ዓይነት ካንሰር አይሆንም።

ብልት እንዳይጣበቅ ዳይሌተር የሚባል ለስላሳ ዘንግ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ጨረሩ ካለቀ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ቁስለቱ ሲሽር ይጀመራል፤ በጄል ለስልሶ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። መቼና እንዴት የሚለውን ሐኪሟ ትወስናለች። ዳይሌተር ለትዳር ብቻ አይደለም፤ ሐኪም በሽታው መመለሱን ማየት የምትችለው መንገዱ ክፍት ከሆነ ነው። ስለዚህ ባል የሌላትም ትጠይቅ። ዕቃው ከጠፋ ሌላ ነገር በራሳችሁ አትሞክሩ፤ በምትኩ ምን ማድረግ እንደሚቻል ነርሷን ጠይቁ።

ወይባና ጭስ መሞቅ፣ በሳሙና ወይም በጨው ውሃ ውስጥን ማጠብም ይቅር። ጨረር የነካው ሥጋ ስስ ነው፣ በቀላሉ ይቆስላል።

ከግንኙነት በኋላ ደም ከታየ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ፣ ሽንት ወይም ሰገራ በብልት ከወጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ።

ለባሎች

ካንሰር በግንኙነት አይተላለፍም። ከውጭ የሚሰጥ ጨረርም በሰውነቷ ውስጥ አይቀርም፤ ከውስጥ የሚሰጠውም ቢሆን መሣሪያው ከወጣ በኋላ እናንተን አይጎዳም። የማህጸን በር ካንሰርን በአብዛኛው የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ በግንኙነት ይተላለፋል፤ ግን ግንኙነት ያላቸው አብዛኞቹ ሰዎች በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል፣ በብዙዎቹም ላይ በራሱ ይጠፋል። ቫይረሱ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ስለሚችል ማን ከማን እንደወሰደው ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ «ከሌላ ሰው አምጥተሽው ነው» ብሎ መጣላት አያስፈልግም። እስክትድን መታገስ፣ መጠየቅ፣ እጇን መያዝም ትዳር ነው።

ለእህቶችና ለአስተርጓሚዎች

ማንም ካልጠየቃችሁ እናንተ ጀምሩት። ለማለት ከከበዳችሁ በወረቀት አጽፉና ስጡ፦ «ከሕክምናው ወዲህ ግንኙነት ያመኛል። ምን ላድርግ?» ይበቃል። ሴት ሐኪምና ሴት አስተርጓሚ ጠይቁ። ባል፣ ልጅ ወይም የቅርብ ዘመድ ባያስተረጉም ይሻላል። በመንገድ ላይ ግፍ የደረሰባችሁ ካላችሁ ምርመራው ሊያስፈራ ይችላል፤ «ይቁም» ማለት መብታችሁ ነው።

እንደ እኔ የምታስተረጉሙ ደግሞ፣ ከመግባታችሁ በፊት ለታማሚዋ «ውስጥ የሚባለውን ሁሉ፣ የሚያሳፍረውንም፣ እንዳለ ነው የምናገረው፤ ወጥቼ ለማንም አልናገርም» በሏት። ካልቻላችሁ «አልችልም፣ ሌላ ሰው ይምጣ» ብትሉ እኔ ካደረግኩት ይሻላል።

ከዚያች እናት ጋር ተመልሰን ሄደን ነበር። ከበሩ ውጭ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «አንቺም ልጅ ነሽ፣ እኔም አፈርኩ» አሉኝ። ያን ቀን ሁሉንም ቃል በቃል ተረጎምኩ፤ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ዳይሌተርና ጄል ተሰጣቸው። ዘግይቶ ስለተጀመረ ቀላል አልሆነላቸውም፣ አሁንም እየታገሉ ነው። ባለቤታቸው ግን የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ አብረው መጥተው ውጭ አግዳሚው ላይ ጠበቁ፤ ስንወጣ መጀመሪያ የጠየቁት «ምን አሉሽ?» ብለው ነው።