አርማው ሲነሣ ቀለሙ እንዳይከተል

በሻርጃ የኢንዱስትሪ ሠፈር ለሽያጭ የሚቀርብ ያገለገለ መኪና የቀድሞ ባለቤቱን ምርጫ ተሸክሞ ይመጣል፤ የሻጩን ድርጅት ስም፣ የሚያብለጨልጭ የጎን ጌጥ፣ የሞዴል ጽሑፍ። አዲሱ ባለቤት እነዚህን ለማንሣት ካቻቪቴ ሲያነሣ ጥፋቱ ይጀምራል።

አብዛኛው አርማ የተያዘው በሁለቱም ፊቱ በሚያጣብቅ የስፖንጅ ፕላስተር ነው። አንዳንዱ ግን በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባ እግር ስላለው፣ ቀድሞ ከውስጥ መመልከት ያሻል።

ሥራው የሚጀምረው በእጥበት ነው። የበረሃ አሸዋ ከአርማው ሥር ከቀረ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ እስኪለሰልስ ማሞቅ፤ በሐምሌ ቀትር ፀሐይዋ ራሷ ግማሹን ሥራ ትሠራለች። ቀጥሎ የዓሣ ማጥመጃ ክር ወይም የጥርስ ማጽጃ ክር ከጀርባው አስገብቶ፣ ሳይቸኩሉ፣ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ መሳብ ነው። የቀረው ሙጫ በአውራ ጣት እየተንከባለለ ይነሣል፤ ቅሪቱን በአልኮል የራሰ ለስላሳ ጨርቅ ያጠራዋል። ቲነር ግን ፈጽሞ አይነካው፤ የላዩን ግልጽ ሽፋን ሊያበላሸው ይችላል። በጋራዥ ዳግመኛ የተቀባ አካልም ያሠጋል፤ እንደ ፋብሪካው ቀለም አጥብቆ ካልያዘ ከፕላስተሩ ጋር ተገሽልጦ ይመጣል።

በመጨረሻ የአርማው ጥላ ይቀራል፤ ዙሪያውን ፀሐይ አደብዝዞት ከሥሩ ያለው ቀለም ደምቆ ይታያልና። ፖሊሽ ያቀለዋል፤ በአሮጌ መኪና ግን ሁልጊዜ አያጠፋውም። ይህ ጥላ ለገዢ ምስክር ነው። ዝቅተኛውን ሞዴል የከፍተኛውን ስም ለጥፈው የሚሸጡ አሉና፣ ከአዲሱ ጽሑፍ ሥር የሌላ ፊደል ቅርጽ የታየው ሰው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክር።