ግማሽ የብርሃን ዓመት በመኪና

ፀሐይ ከምድር 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ይህን ቁጥር ሁላችንም በትምህርት ቤት ሸምድደነዋል፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን በአእምሯችን መሳል ይቸግረናል። እስቲ በመኪና እንለካው። በአሜሪካ መንገዶች ላይ የሚመላለሱ ተሽከርካሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 የተጓዙት ርቀት ሁሉ ቢደመር 3.26 ትሪሊዮን ማይል፣ ማለትም 5.25 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። ይህ ከምድር ተነሥቶ ፀሐይ ደርሶ ለመመለስ 17,500 ጊዜ ይበቃል። ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ አሜሪካውያን በአንድ ዓመት ውስጥ ከግማሽ የብርሃን ዓመት በላይ ነድተዋል ማለት ነው። በዚሁ መጠን ቢቀጥሉ፣ ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርባችን የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ያለበትን ርቀት ለመሸፈን ስምንት ዓመት እንኳ አይፈጅባቸውም።

በዚያው ዓመት በዚያች አገር በመንገድ አደጋ 40,901 ሰዎች ሞተዋል። ርቀቱን ለሟቾቹ ቁጥር ስናካፍለው፣ በየ128 ሚሊዮን ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰው ይሞታል፤ ፀሐይ ዘንድ ለመድረስ ጥቂት ሲቀር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ግን አንድ ሰው ይሞት የነበረው በየ6.7 ሚሊዮን ኪሎ ሜትሩ ነበር። ስለዚህ አንድ ኪሎ ሜትር መንዳት በመቶ ዓመት ውስጥ ወደ 19 እጥፍ ገደማ ከአደጋ የራቀ ሆኗል።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በል። ያንኑ የሟቾች ቁጥር በርቀት ሳይሆን በሕዝብ ብዛት ብናካፍለውስ? እ.ኤ.አ. በ1921 ከ100,000 ሰው 12 ያህል በመንገድ ሞተዋል። በ2023ም ከ100,000 ሰው የሞቱት 12 ያህል ናቸው። ሁለቱም ስሌቶች ትክክል ናቸው። ምስጢሩ ያለው በአካፋዩ ላይ ነው፤ በ1921 የተነዳው ርቀት ለሕዝቡ ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ ሰው 815 ኪሎ ሜትር ግድም ይደርሰው ነበር፣ በ2023 ግን 15,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኗል። ይህም 19 እጥፍ ነው! ምህንድስናው ያተረፈውን ሁሉ ርቀቱ መልሶ በልቶታል። የመኪና አምራች የመጀመሪያውን ስሌት፣ የጤና ባለሙያ ሁለተኛውን ቢመርጡ አይደንቀኝም። እኔ ግን ተማሪዎቼ አንድ ስታትስቲክስ ሲቀርብላቸው «ለምን ተካፍሎ?» ብለው እንዲጠይቁ እወዳለሁ።

ትርፉ ከየት መጣ ለሚለው፣ ከብዙዎቹ ምክንያቶች አንዱን ብቻ ላንሣ። ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ለቮልቮ ባለሦስት ነጥብ የደህንነት ቀበቶን ሠራ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግድግዳ ጋር ቢጋጭ፣ ፊቱ እየተጨማደደ ይቆማል። ቀበቶ ያሰረ ሰው አብሮ በመቆሙ የሚቆምበት ርቀት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው እንበል። 70 ኪሎ ግራም በሚመዝን ሰው ላይ የሚያርፈው አማካይ ኃይል ከ1.1 ቶን በላይ ክብደት ጋር ይተካከላል፤ ከባድ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ከሞት ያተርፋል። ያላሰረው ሰው ግን መኪናው ሲቆም እሱ በዚያው ፍጥነት ይቀጥላል። ከመሪው ጋር ተጋጭቶ በ5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም ኃይሉ 12 እጥፍ ይሆናል። ቀበቶ ከ1968 ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ላይ እንዲገጠም ሕጉ ቢያስገድድም፣ ማሰርን በሕግ ለማስገደድ የመጀመሪያዋ ግዛት ኒው ዮርክ ስትሆን ይህም በ1984 ነው።

ስለ ፍጥነት ሳነሣ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በአሜሪካ ለትምህርት ሳለሁ በአውራ ጎዳና ላይ «55» የሚል ምልክት አይቼ፣ ኪሎ ሜትር የለመደው ዓይኔ በፍጥነት መለኪያው ላይ ትንንሾቹን ቁጥሮች ፈልጎ 55 ላይ አረፈ። ከኋላዬ የተሰለፈው መኪና ክላክሱን ሲያስጮኽ ሕግ አክባሪነቴን የተቃወመ መስሎኝ ነበር! 55 ማይል 88 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው።

ይህ ቁጥር ታሪክ አለው። ከ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ በኋላ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በጥር 1974 የአገሪቱን የፍጥነት ጣሪያ በሰዓት 55 ማይል የሚያደርግ ሕግ ፈረሙ። ዓላማው ቤንዚን መቆጠብ ነበር፤ የአየር መከላከል ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ 70 ማይል የሚነዳ ሰው አየሩን ለመሰንጠቅ ብቻ በየኪሎ ሜትሩ 62 በመቶ ተጨማሪ ኢነርጂ ያጠፋል። ሆኖም በዚያ ዓመት ይበልጥ የታየው ሌላ ነገር ነው። የተነዳው ርቀት በ2.5 በመቶ ያህል ብቻ ሲቀንስ፣ የሟቾች ቁጥር ከ54,052 ወደ 45,196 ወረደ። ቅነሳው ሁሉ የሕጉ ውጤት ነው ለማለት አልደፍርም፤ የፍጥነት መቀነስ ግን ድርሻ እንደነበረው አልጠራጠርም።

ሕጉ በ1995 ተሻረ። ዛሬ በአገሪቱ ከፍተኛው የተፈቀደ ፍጥነት በቴክሳስ፣ ከኦስቲን በስተደቡብ በ2012 በተከፈተው የክፍያ መንገድ ላይ የተለጠፈው 85 ማይል፣ ማለትም 137 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። በ55 ማይል መጋጨት ከ31 ሜትር ከፍታ ከመውደቅ ጋር እኩል የሆነ ኢነርጂ አለው፤ በ85 ማይል ግን ከፍታው 74 ሜትር ይደርሳል።