ነፍሰ ጡርና አራስ እናቶች ምን ይታጠቁ? እንዴትስ ይታጠቁ?

ነፍሰ ጡር ወገቧን በመቀነት ማሰሯ፣ አራስም ሆዷን በነጠላ መጠፍነጓ ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው። በኡም ራኩባም ሆነ በቱነይድባ፣ በገዳሪፍና በከሰላ ከተማ ውስጥም ይህን የሚያደርጉ እናቶች ብዙ ናቸው። ልማዱ ሁሉ መጥፎ አይደለም። በአግባቡ የታሰረ መቀነት የወገብን ሕመም ያስታግሳል። ያለ አግባብ ሲታሰር ግን ይጎዳል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የአራስን ደም መፍሰስ ከዓይን መደበቁ ነው።

በመጀመሪያ ወገብ ለምን እንደሚያም እንይ። በእርግዝና ጊዜ ሰውነት በሚያመነጨው ሆርሞን ምክንያት የዳሌን አጥንቶች አያይዘው የሚይዙት ጅማቶች ይላላሉ። ይህ ለወሊድ የሚደረግ ዝግጅት ስለሆነ በሽታ አይደለም። ሆድ እያደገ ሲሄድ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚስብ እናት ሚዛኗን ለመጠበቅ ወገቧን ወደ ኋላ ትለምጣለች። በዚህ ላይ 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ሲጨመር፣ ያም 20 ኪሎ ማለት ነው፣ ወገብ ቢያም ምን ይገርማል? የጀሪካኑን ነገር መቀነት አይፈታውም። እሱን የሚፈታው ባል፣ ወንድም ወይም ጎረቤት ነው።

መቀነት ወይም የታጠፈ ነጠላ መታጠቅ የምትፈልጉ ነፍሰ ጡሮች ከእምብርት በላይ ወይም በሆዱ መካከል ላይ አትሠሩት። ጨርቁን አንድ ስንዝር ያህል ስፋት እንዲኖረው አጥፉት። ከጀርባ በኩል በዳሌ ላይ አሳልፉትና ከፊት ከሆዱ ሥር እንዲያርፍ አድርጉ። ሥራው ሆዱን ከታች መደገፍና ዳሌን መያዝ እንጂ ሆዱን መጭመቅ አይደለም። ቋጠሮው በጎን በኩል ይሁን፤ አጥንት ላይ ካረፈ ይቆረቁራል። ካሰራችሁ በኋላ ሁለት ጣት በጨርቁና በሰውነታችሁ መካከል በቀላሉ መግባት አለበት። ቁጭ ብላችሁም በረጅሙ ተንፍሱ። ትንፋሹ ካጠረ፣ እግር ከደነዘዘ ወይም ቃር ከመጣ ጠብቋል ማለት ነው። ሥራ ስትሠሩ ወይም ስትሄዱ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ታጥቃችሁ፣ ስታርፉ ፍቱት። ስትተኙ በፍጹም አይታሰርም፤ ስትተኙም በጎን ይሁን።

አንዳንድ እናቶች ጽንሱ እንዳይገዝፍና ወሊዱ እንዳይከብድ ብለው ከላይ ወደ ታች ጠበቅ አድርገው ያስራሉ። ጨርቅ የጽንስን ዕድገት አይወስንም፤ የሚያተርፈው ሕመም ብቻ ነው። እርግዝናቸውን ለመደበቅ ሆዳቸውን የሚጠፍሩ ወጣት ልጆችም አሉ። ለእነሱ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ወደ ክሊኒክ ኑ፤ ምስጢራችሁን መጠበቅ የሥራችን ግዴታ ነው። የተደበቀ እርግዝና ክትትል የለውም፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው።

የጡት መያዣን በተመለከተ፣ በእርዳታ ልብስ ውስጥ የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ መጠናቸው አይገጥምም። ጡት በእርግዝናም በማጥባትም ጊዜ ስለሚያድግ የድሮው መያዣ ይጠባል። ጠባብ መያዣ፣ በተለይም ከሥሩ ሽቦ ያለው፣ ወተት የሚሄድባቸውን ቱቦዎች ተጭኖ ወተቱን ሊያግደው ይችላል። ከዚያም ጡቱ ይቀላል፣ ይጠጥራል፣ ትኩሳትም ይመጣል። ልብሱን ስታወልቁ ቆዳ ላይ ጥልቅ ምልክት ከተወ ጠባብ ነው። ሽቦውን ከስፌቱ በኩል ፈታችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። የሚገጥም ካላገኛችሁም ሰፋ ያለ የጥጥ ሸሚዝ ይበቃል።

እግርን በሚመለከት ብዙ አንልም። ከጉልበት በታች በላስቲክ የሚያንቅ ካልሲ ይቅር፤ ጫማ ዝቅ ያለ፣ ከኋላ የሚታሰር ይሁን። የገዳሪፍን ዋልካ በክረምት የረገጠ ሁሉ ለምን እንደሆነ ያውቃል። ነገር ግን ቀለበትና አምባር ድንገት ከጠበበ፣ ፊትና እጅም ካበጠ፣ በተለይም ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካለ የልብስ ጉዳይ አይደለም። የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል ነፍሰ ጡሯ በዚያኑ ዕለት መታየት አለባት። አንድ እግር ብቻ አብጦ ሲያም ደግሞ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ችግር ከወሊድ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታትም ስለሚያሰጋ፣ አራስ አርባ ቀን ሙሉ ተጠፍንጋ ከምትተኛ በቤቷ ውስጥ ቀስ እያለች ብትንቀሳቀስ ይሻላታል።

አሁን ወደ አራሷ እንምጣ። «ካልታሰረ ማህፀኑ አይመለስም» የሚባለው ትክክል አይደለም። ማህፀን ጡንቻ ነው፤ የሚሰበሰበው ራሱ እየተኮማተረ ነው። ከወሊድ በኋላ እምብርት አካባቢ እንደ ጠንካራ ኳስ ይዳሰሳል፤ ከዚያ በየቀኑ እየወረደ ይሄዳል፤ በስድስት ሳምንት ገደማ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይቀርባል። ይህን የሚያፋጥነው ሕፃኑን ማጥባት ነው። ስታጠቡ የሚሰማችሁ የሆድ ቁርጠትም የዚሁ ሥራ ነው። አጥብቆ ማሰር ግን የሆድን ግፊት ወደ ታች ይልከዋል። በወሊድ የላላው የታችኛው ጡንቻ ያንን ስለማይችል ሽንት ማምለጥ፣ የማህፀን መውረድም ሊያባብስ ይችላል። ከታች የክብደት ስሜት ከተሰማችሁ ፍቱት።

ከወሊድ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ቀን ለደም መፍሰስ እጅግ አስጊ ነው። በዚያ ቀን ሆድ ታስሮ፣ ላዩ ላይ ጋቢ ተደርቦ፣ እናቲቱም በደከመች ጊዜ ማህፀኑ ልፍስፍስ ማለቱን ማን ይዳስሰዋል? ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አትሰሩ። አንድ ጨርቅ በአንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ የሚርስ ከሆነ፣ ትልልቅ የረጋ ደም ከወጣ፣ ራስ ካዞረ ወይም ላብ ላብ ካለ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ከካምፕ እስከ ገዳሪፍ ሆስፒታል መንገዱ ረጅም ነው፤ በክረምት መኪና በጭቃ ይያዛል። ሊነጋ ነው ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ከዚያ በኋላ ወገቧ ያመማት እናት ላላ አድርጋ፣ ቀን ቀን ብቻ፣ ከዳሌ እስከ እምብርት ብትታጠቅ አንከለክልም። በኦፕሬሽን የወለደች ግን ሐኪሟን ትጠይቅ። በሐኪም ፈቃድ የታሰረ ሰፊ ጨርቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስትነሳና ስታስል ሕመሙን ይቀንስላታል። ትራስ በቁስሉ ላይ ደገፍ አድርጎ ማሳልም ይረዳል። ቁስሉ ከቀላ፣ መግል ካለው ወይም ከሸተተ ምንም አይታሰርበትም። በገበያ «ሆድ ይመልሳል» እየተባለ የሚሸጠውን ኮርሴት ግን በእኛ አስተያየት አትግዙት። በዚያ ገንዘብ እንቁላል ይገዛበት።

በዚህ አገር ሙቀት የናይለን ጨርቅ ከሥሩ ላብ ይይዛል፤ ቆዳም ያሳክካል። ጥጥ ይሁን። ሁለት ኖሯችሁ እያፈራረቃችሁ በሳሙና እጠቡና ፀሐይ ላይ አስጡ፤ ሰው እንዳያየው ተብሎ ጥላ ውስጥ የተሰጣ ጨርቅ በደንብ አይደርቅም።

በጎ ፈቃደኞች፣ አራስ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ማሰሪያው እንዲፈታ በትሕትና ጠይቁ፤ አያቶችን አስፈቅዱ፣ አትቆጡ። ከዚያ የደሙን ጨርቅ እዩ፣ ስንተኛው እንደሆነና መቼ እንደተቀየረም ጠይቁ።