«አውቆ ነው»

ጠጋ በሉ፤ የምነግራችሁ የሕክምና ካርድ ላይ የማንጽፈውን ነው። ከቡሬ ገጠር ወይም ከፍኖተ ሰላም ተደባዳቢ ልጅ ሲመጣልን ስለ እንቅልፉ፣ ስለሚጥል በሽታ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ እንደሆነ እንጠይቃለን። ጆሯችንን የምናቆመው ግን ለሁለት ቃል ነው። ልጁ «እግሬን ረገጠኝ» ይላል። «ሳያይህ ቢሆንስ?» ስንለው፣ «አይደለም፣ አውቆ ነው!» ይላል። ቤተሰቡ ከወጣ በኋላ የምንነጋገረው ስለዚህች «አውቆ ነው» ነው። እጁ ከመሰንዘሩ በፊት ግምቱ ስቷል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኬኔት ዶጅ እ.ኤ.አ. በ1980 ተደባዳቢ የሆኑና ያልሆኑ ወንዶች ልጆች የገጣጠሙትን ሥዕል ሌላ ልጅ እንዳፈረሰባቸው እንዲያምኑ አደረገ። ሆን ተብሎ መሆኑ ሲታወቅ ሁሉም ተቆጡ፤ በስህተት መሆኑ ሲታወቅ ሁሉም ታገሡ። ነገሩ ሳይለይ ሲቀር ግን ተደባዳቢዎቹ ብቻ እንደ ጥቃት ቆጠሩት። ኋላም ኬንያን ጨምሮ በ9 አገሮች ልጆች ላይ ሲጠና በግምቱና በድብድቡ መካከል ያው ዝምድና ታየ። (ሳይናደዱ፣ አስልተው የሚማቱም አሉ፤ የእነሱ ነገር ሌላ ነው።)

ይህ ግምት ከየት ይመጣል? አንጎል ውስጥ ጠልቃ የተቀመጠችው አሚግዳላ አደጋን ፈጥና ትጠቁማለች። «ቆይ እስቲ» የሚለው የግንባር አንጎል ደግሞ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ አይበስልም። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ የለንደን ተመራማሪዎች ጥናት፣ ቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰባቸው ወይም ያዩ ልጆች የተቆጣ ፊት ሲያሳዩአቸው አሚግዳላቸው ከእኩዮቻቸው ይበልጥ ነቃች፤ ተመራማሪዎቹ ነገሩን ውጊያ ካዩ ወታደሮች ጋር አመሳሰሉት። ይህን ሳነብ ያሰብሁት ፍኖተ ሰላምን ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ተነግሯል። እዚያ ያደገ ልጅ ሁሉን ቢጠረጥር ምን ይደንቃል?

አባቶች «ገርፌ ገርፌ ደከመኝ፤ ጠበልም አስጠመቅሁት» ይሉናል። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። አለንጋው ግን ልጁ ዓለም እንደጠላው የጠረጠረውን እውነት ያደርግለታል።

አንዱን እረኛ ልጅ አባቱ ውጭ እየጠበቁት፣ «ጓደኛህ ሲረግጥህ ወዴት ያይ ነበር?» አልሁት። ዝም አለ። ቆይቶ፣

«ወደ ጥጃው» አለኝ። «ሰው ማሳ ሊገባበት ነበር።»