ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ምእመናን ለኢንዶስኮፒ ሲሄዱ

የተከበራችሁ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፦

በሩማቲክ ሕመም የልብ ቫልቫቸው ተጎድቶ ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ምእመናን በሀገራችን ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ አንዱ ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር ለጨጓራ ኢንዶስኮፒ ሲላክ፣ ደም እንዳይፈስሰው ሠግቶ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ሊያቋርጥ ይችላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ሽባ ሊያደርገው ይችላል።

ምርመራው ለማየትና ጥቂት ናሙና ለመውሰድ ብቻ ከሆነ፣ የደሙ የመርጋት መጠን ተለክቶ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ይቀጥላል። ትርፍ ሥጋ የሚቆረጥ ከሆነ ግን ሐኪሙ ከ5 ቀን አስቀድሞ ሊያስቆመው፣ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለውም በመርፌ ሊተካለት ይችላል።

ስለዚህ ታማሚው የሕክምና ካርዱን ይዞ አስቀድሞ ለሐኪሙ እንዲናገር፣ መድኃኒቱን መልሶ የሚጀምርበትንም ቀን እንዲጠይቅ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት አሳስቡ። ጾምና ጸበልም መድኃኒት ለማቋረጥ ምክንያት እንዳይሆኑ የንስሐ አባቶች ልጆቻችሁን ምከሩ።