የልብ ሕመም የአለቃ በሽታ ነው?

ኃላፊነት የበዛበት ሰው ልቡን ያመዋል ሲባል እንሰማለን። ስብሰባው፣ ስልኩ፣ ፊርማው አለቃውን ይጨርሰዋል፤ ተላላኪው ግን ከሐሳብ ነጻ ነው ይባላል። ደም ግፊትና ስኳርም «የሀብታም በሽታ» ሲባሉ ኖረዋል። በእንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ነገሩን ገለበጠው።

ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ተጀመረ፤ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በተደረደሩበት ጎዳና ስም «ዋይትሆል» ተባለ። ተመራማሪዎቹ ከ17 ሺህ በላይ ወንድ ሠራተኞችን መርምረው፣ ማን በምን እንደሞተ ለዓመታት ተከታተሉ። የታችኛው እርከን ሠራተኞች፣ ማለትም ተላላኪዎችና መሰሎቻቸው፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከላይኞቹ ኃላፊዎች ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ።

ድህነት ነው እንዳይባል ሁሉም ቋሚ ደመወዝ አላቸው፤ ሕክምናውም በመንግሥት ወጪ ነው። ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ልዩነቱ ታች ያሉትን ብቻ የሚመለከት አለመሆኑ ነው። ከቁንጮዎቹ አንድ ደረጃ ዝቅ ያሉት ባለሙያዎች እንኳ ከበላዮቻቸው ይበልጥ ይሞቱ ነበር። ሲጋራ? አዎ፣ ታች ያሉት አብዝተው ያጨሱ ነበር። ነገር ግን ማጨሱ፣ የደም ግፊቱና የደም ቅባቱ ተደምረው ከልዩነቱ ግማሹን እንኳ አላብራሩም።

ሁለተኛው የዋይትሆል ጥናት በተመራማሪው ማይክል ማርሞት መሪነት እ.ኤ.አ. በ1985 ተጀመረ። በዚህኛው ሴቶችም ያሉበት 10,308 ሠራተኞች ተሳተፉ፤ ስለ ሥራቸውም ተጠየቁ። ሥራህን እንዴት እንደምትሠራ ራስህ ትወስናለህ? መቼ ዕረፍት እንደምትወጣስ? እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ውጤት፣ በእርከኖቹ መካከል ለታየው የልብ ሕመም ልዩነት ከተመረመሩት ምክንያቶች ሁሉ ትልቁን ድርሻ የያዘው በገዛ ሥራ ላይ የመወሰን ሥልጣን ማነስ ነበር።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ካራሴክ ይህን እ.ኤ.አ. በ1979 በንድፈ ሐሳብ አስቀምጦት ነበር። ጎጂው የሥራ ብዛት ብቻውን አይደለም፤ ብዙ ሥራ ከትንሽ ሥልጣን ጋር ሲገናኝ ነው። ዳይሬክተሩ እስከ ማታ ቢሠራም ሲደክመው በሩን ዘግቶ ሻይ ያዝዛል። ስፌት ፋብሪካ መስመር ላይ የተቀመጠችው ልጅ ግን እጇ ከመስመሩ ፍጥነት ጋር መሄድ አለበት፤ መጸዳጃ ቤት ለመሄድም ተቆጣጣሪዋን ታስፈቅዳለች። ማታ ሁለቱም «ደከመኝ» ይላሉ፤ ድካሙ ግን አንድ አይደለም።

በዋይትሆል ሠራተኞች ላይ ኋላ የተገኘ ሌላም ነገር አለ፤ እኔ ከሁሉም የላቀ ቦታ የምሰጠው ለእሱ ነው። አለቃዬ ችግሬን ይሰማኛል፣ ያለ አግባብ አልወቀስም ያሉት ከሌሎቹ ያነሰ የልብ ሕመም ታይቶባቸዋል። ፍትሕ ደመወዝ ላይ ብቻ አይደለም የሚለካው፤ አነጋገርም ውስጥ አለ።

ክርክር የለም ማለት አይደለም። ታች እርከን የሚቀጠር ሰው ብዙ ጊዜ ከልጅነቱ የተቸገረ ስለሆነ ሕመሙን ይዞት የመጣ ይሆናል የሚሉ ምሁራን አሉ። ለክፍል ኃላፊ ግን ይህ ሰበብ አይሆነውም፤ የሠራተኛውን ልጅነት መለወጥ አይችልም፣ የሥራ ፈረቃውን ግን ይችላል። እርስዎም ኃላፊ ከሆኑ፣ የሚቀጥለውን የፈረቃ ፕሮግራም ከመለጠፍዎ በፊት ለሚሠሩበት ሰዎች ያሳዩአቸው።