ውኃ ላይ የሚበቅል ማዳበሪያ

የእስያ ገበሬ ዩሪያ የሚባል ነገር ሳያውቅ በአንድ ማሳ ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ሩዝ ሲያመርት ኖሯል። መሬቱ ግን አልነጠፈም። ሕንዳዊው ተመራማሪ ፒ. ኬ. ዴ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመው ጥናት የዚህን ምክንያት አሳየ፤ ማሳው ውስጥ በተኛው ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ሰማያዊ አረንጓዴ ዋቅላሚ ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰደ አፈሩን ይመግባል። ዛሬ ሳይንስ ሳያኖባክቴሪያ የሚላቸው እነዚህ ናቸው።

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ሩዙ እንዳለ ሊጠቀምበት አይችልም። ኖስቶክና አናቤና የተባሉት ዝርያዎች ግን ይችላሉ። ሥራውን የሚሠራው ኢንዛይም ኦክሲጅን ሲነካው ስለሚበላሽ፣ እንደ ዶቃ ከተሰካኩት ህዋሶቻቸው መካከል ጥቂቶቹ ግድግዳቸውን አወፍረው ለዚህ ሥራ ብቻ ይለያሉ። ጂ. ኤስ. ቬንካታራማን በኒው ዴልሂው የግብርና ምርምር ተቋም ይህን ዕውቀት ወደ ገበሬው አወረደው። ገበሬው የዋቅላሚውን እርሾ ጥልቀት በሌለው ገንዳ ያራባል፣ ያደርቃል፣ ችግኙ ከተተከለ በኋላ ማሳው ላይ ይበትናል። በዚህ መንገድ በአንድ የምርት ወቅት በሄክታር ከ20 እስከ 30 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ሊገኝ ይችላል። ለድሃ ገበሬ ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

ከዚያ ፀረ-አረም መጣ። ገበሬውን ለመውቀስ አይዳዳኝም፤ ጎንበስ ብሎ አረም ሲነቅል መዋል ወገብ ይሰብራል፣ የቀን ሠራተኛውም ወደ ከተማ ሄዷል። ዘሩን በቀጥታ መዝራት ችግኝ ከመትከል የሚቀል ቢሆንም አረሙ ከሩዙ እኩል ይበቅላል። ስለዚህ ቡታክሎርና ፕሬቲላክሎር የተባሉት ፀረ-አረሞች ተለመዱ። መድኃኒቱ ግን አረሙን ከዋቅላሚው አይለይም። ህዋሱ ብርሃን የሚይዝበትን ሥርዓት ያውካል፤ በዚህም ምክንያት ጎጂ የኦክሲጅን ዓይነቶች ይከማቹና ሽፋኑንና ፕሮቲኑን ይበላሉ። ናይትሮጅን የመያዝ አቅሙም ይደክማል።

ሕንድ ውስጥ በተለይም በአላሃባድ ዩኒቨርሲቲ የተሠሩ የቤተ ሙከራ ጥናቶች ተስፋ የሰጡት እዚህ ላይ ነው። ዋቅላሚው ከሚያድግበት ፈሳሽ ላይ ጥቂት ኪኔቲን ሲጨመር ጉዳቱ ይቀንሳል። ኪኔቲን እ.ኤ.አ. በ1955 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የተገኘ፣ ህዋስ እንዲከፋፈል የሚያነቃቃ የዕፅዋት ሆርሞን ነው። ጎጂውን ኦክሲጅን የሚያከሽፉትን ኢንዛይሞች ያጠናክራል፣ ፎቶሲንተሲሱም ያገግማል። ደግሞም ብዙ ሳያኖባክቴሪያዎች ኦክሲን የተባለውን ሌላ የዕፅዋት ሆርሞን ራሳቸው ያመርታሉ። ሆርሞን ለእነሱ እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው።

እኔ ግን ሆርሞኑ በጠርሙስ ተሞልቶ ለገበሬ እንዲሸጥ አልመኝም። መርዙን ገዝቶ የመርዙን ማርከሻም መግዛት ለማን ይበጃል? በዚያ ላይ በሆርሞን ነገር መጠን ወሳኝ ነው። የእኛ ገበሬ ስንዴና ጤፍ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ እኮ ኦክሲንን አስመስሎ የተሠራ ነው፤ የሚገድለውም አረሙን ከልክ በላይ እያሳደገ ነው። ማሳ ውስጥ የሚጨመር ኪኔቲን ሩዙንና አረሙን ምን እንደሚያደርግ በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ አይታይም። ከጥናቱ የሚጠቅመን ሌላው ወገን ይመስለኛል፤ ብዙ ሆርሞን የሚያመርቱ፣ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጦ እርሾ ማድረግ፣ የሚበተንበትንም ጊዜ ከርጭቱ ማራቅ።

ፀረ-አረም ለገበያ ሲፈቀድ ዋቅላሚውን ምን ያህል እንደሚጎዳ አብሮ ይመዘን። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ውኃ በሚተኛበት የፎገራ ሜዳ ሩዝ የብዙ ሺህ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል። ብሔራዊው የሩዝ ምርምር ማዕከልም እዚያው ነው። ይህን ሚዛን አገራችን ውስጥ ለመጀመር ከዚያ የተሻለ ቦታ አይታየኝም።